ስልክ በፀሐይ ቻርጅ ለማድረግ የትኛው ይሻላል? ለጅማና ለዙሪያዋ የሚሆን ንጽጽር

የዛሬ ዓመት ሐምሌ ላይ አክስቴ ከጎማ ወረዳ ደወለችልኝ። ሰላምታውን ሳንጨርስ ስልኳ ዘጋ። በማግስቱ አጋሮ ለገበያ ወጥታ በሰው ስልክ ደወለችና «ያ ያመጣህልኝ ሶላር እኮ ምንም አይሠራም» አለችኝ። የወሰድኩላት ጀርባው ላይ ትንሽ ጥቁር ፓነል የተለጠፈበት ፓወር ባንክ ነበር። ዕቃው አልተበላሸም። ከመነሻውም ለእሷ ቤትና ለዚያ ወር የሚሆን አልነበረም። ሒሳቡን ሳልሠራ ገዝቼ የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ ሒሳቡን ተማርኩ። መርካቶ ያሉትን ሱቆች ዞርኩ። የጓደኞቼን ፓነሎች እየተዋስኩ በመለኪያ ሞከርኩ። የምርት ስም አልጠራም። ተመሳሳይ ስም ተጽፎበት ውስጡ ሌላ የሆነ ዕቃ ገበያው ላይ ስለሚገኝ፣ ስም ከመያዝ መመዘኛ መያዝ ይሻላል።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት «በየትኛው ወር ነው የምፈልገው?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ የሚያገኝ አገር ነው። ጥር ላይ ሁሉም ፓነል ይሠራል። ልዩነታቸው የሚወጣው ሐምሌ ላይ ነው። ሶላሩን የምትፈልጉት ለቡና ለቀማ ብቻ ከሆነ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ይጠራል፤ አነስተኛ ዕቃ ይበቃችኋል። ዓመቱን ሙሉ ከሆነ ግን በሐምሌ አስልታችሁ ግዙ።

ከተማ ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ

ጅማ ከተማ ውስጥ ሆናችሁ፣ ችግራችሁ መብራት ጠፍቶ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ መምጣቱ ከሆነ፣ ፓነል አያስፈልጋችሁም። በኮረንቲ የሚሞላ ጥሩ ፓወር ባንክ ግዙ። 20,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት (mAh፤ ባትሪው የሚይዘው መጠን) የሚል እውነተኛ ፓወር ባንክ ባለ 5,000ውን ስልክ ከሁለት ጊዜ ተኩል እስከ ሦስት ጊዜ ይሞላል። አራት ጊዜ የማይሞላው ኃይሉ ሲለወጥ የሚባክን ስላለ ነው። ባለ 10,000ው አንድ ጊዜ ሞልቶ ለሁለተኛው ግማሽ ያህል ይተርፈዋል። ለፓነል የምታወጡትን ገንዘብ ለሌላ አውሉት።

ከዚህ በታች ያለው ኮረንቲ ለሌለበት ቤት፣ መብራት ለቀናት ለሚጠፋበት ቀበሌ፣ ወይም ለቡና ማሳና ለመስክ ሥራ ነው።

በምን እንመዝን?

የመጀመሪያው ስፋት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነውና።

ጠራራ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስታርፍ አንድ ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ዋት ገደማ ጉልበት ታወርዳለች። ጥሩ የሚባለው ጥቁሩ ሞኖክሪስታላይን ሴል (ሴል ማለት ፓነሉ ላይ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል ነው) ከዚህ ውስጥ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው 20 በመቶ፣ ቢበዛ 22 ወይም 23 በመቶ ነው። ስለዚህ 1 ዋት ለማግኘት 50 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ሴል ያስፈልጋል። ይህ የኤቲኤም ካርድ ስፋት ነው ማለት ይቻላል። አንድ ካርድ፣ አንድ ዋት። ሱቅ ስትገቡ ካርዳችሁን አውጡና ጥቁሩ ሴል ላይ ስንት ጊዜ እንደሚያርፍ ቁጠሩ። 20 ዋት የሚል ፓነል 20 ካርድ ገደማ መያዝ አለበት። «100 ዋት» ተብሎ የተጻፈበት ታጣፊ ፓነል 15 ካርድ ብቻ ከያዘ፣ ያ 15 ዋት ነው። ሻጩ ምንም ቢል ፀሐይዋ ከዚያ በላይ አትሰጠውም።

የተጻፈው ዋት እውነት ቢሆን እንኳ ሙሉውን አታገኙትም። ፋብሪካው የሚለካው ሴሉ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሆኖ ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ ሴል 50 ዲግሪ ያልፋል፤ አንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር 0.4 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። አቧራው፣ ስስ ደመናው፣ የፓነሉ አቀማመጥም የየራሳቸውን ይወስዳሉ። እኔ የሞከርኩት ባለ 20 ዋት ታጣፊ ፓነል በጠራ ቀን ቀትር ላይ ከ12 እስከ 14 ዋት ነው የሰጠኝ። ስትገዙ የተጻፈውን 60 ወይም 65 በመቶ ብላችሁ አስሉ።

ሁለተኛው ማጠራቀሚያው ነው። ዋት የሚቀዳው ውኃ ፍጥነት ነው፤ ዋት-ሰዓት ደግሞ ጀሪካኑ የያዘው ብዛት። ባለ 5,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ስማርት ስልክ 19 ዋት-ሰዓት ገደማ ይይዛል። በመንገድ የሚባክነው ሲታከልበት ከፓነሉ 30 ያህል ያስፈልጋል። ቁልፍ ያለው ትንሹ ስልክ 4 ዋት-ሰዓት ብቻ ነው የሚይዘው፤ የአንድ ስማርት ስልክ ኃይል አራት አምስቱን ይሞላል። ገጠር ላለ ሰው ዕቃ ስትመርጡ ይህን አትርሱ። የትኛው ስልክ እንደሆነ ሳታውቁ የሶላሩን መጠን መወሰን አይቻልም።

ሦስተኛው ደመና ሲያልፍ የሚሆነው ነገር ነው። ስልኩ በቀጥታ ከፓነሉ ጋር ከተሰካ፣ ደመና ሲመጣ ኃይሉ ይወርድና ስልኩ መሙላቱን ያቆማል። ደመናው ሲያልፍ አንዳንዱ ፓነል ራሱ መልሶ ያስጀምራል። አንዳንዱ ግን ኬብሉ ተነቅሎ እስኪሰካ ይጠብቃል፤ ወይም ስልኩ በዝግታ መሙላቱን ይቀጥላል። ስልኩን ሰክታችሁ ማሳ ውላችሁ ስትመለሱ 30 በመቶ ላይ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ በእኔ ግምት መካከል ላይ ፓወር ባንክ ወይም ባትሪ መኖሩ ግዴታ ነው። ፓነሉ ማጠራቀሚያውን ይሙላ፤ ስልኩ ማታ ከማጠራቀሚያው ይሙላ።

አራተኛ፣ ቀዳዳውን እዩ። ተራው ሰፊ የዩኤስቢ ቀዳዳ በ5 ቮልት ቢበዛ 2.4 አምፔር፣ ማለትም 12 ዋት ነው የሚሰጠው። ፓነሉ 28 ዋት ቢሆንም አንድ ዕቃ ብቻ ከሰካችሁበት የቀረው ይባክናል። ባለ ሁለት ቀዳዳ ከሆነ ሁለት ዕቃ ሰክታችሁ ተጠቀሙበት።

ዋጋን በተመለከተ፣ ብሩን ለዋቱ አካፍሉት፤ ባትሪ ካለው ለዋት-ሰዓቱ። የምታካፍሉት በካርድ በቆጠራችሁት ዋት ይሁን። ርካሽ የመሰለው ብዙ ጊዜ ውድ ሆኖ ይገኛል።

አማራጮቹ

*ፓነል የተለጠፈበት ፓወር ባንክ።* ለአክስቴ የወሰድኩት ይሄንኑ ነው። ጀርባው ሁለት ካርድ ይይዛል፤ ስለዚህ 2 ዋት ነው። በተግባር 1.3 ዋት ቢሰጥ ነው። 20,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ማለት 74 ዋት-ሰዓት ነው፤ ሲሞላ የሚባክነውን ጨምራችሁ 85 በሉት። 85ን ለ1.3 ስታካፍሉ 65 ሰዓት ጠራራ ፀሐይ ይመጣል። በቀን አምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ቢገኝ 13 ቀን ነው። ያውም በጥር። ሐምሌ ላይ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ አክስቴን ጠይቋት።

ሌላም ጉዳት አለው። ፓነሉ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ባትሪው ደግሞ ጥላ ይፈልጋል። ሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ሲሞላ ይጎዳል። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ያዋልኩት አንዱ አብጦ ክዳኑን ከፍቶት አግኝቼዋለሁ። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል አስወገድኩት። የታጠበ ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ የተንከባከበ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ፀሐይዋ ስትበረታ ቡናው ይሸፈናል። እዚህ ግን የሚሸፈነውና የሚሰጣው አንድ ላይ ተጣብቀዋል። ይህን ዕቃ በኮረንቲ ለመሙላት ካልሆነ በስተቀር አልመክርም። ለዚያ ከሆነ ደግሞ ፓነል የሌለው ይረክሳል።

*ታጣፊ ፓነል ከፓወር ባንክ ጋር።* ከ10 እስከ 28 ዋት የሚደርሱ፣ እንደ መጽሐፍ የሚታጠፉ ናቸው። አብዛኞቹ ከአንድ ኪሎ አይበልጡም፤ ቦርሳ ውስጥ ይገባሉ። ፓነሉ ፀሐይ ላይ፣ ፓወር ባንኩ ጥላ ውስጥ ይሆናል። ባለ 20 ዋቱ በጠራ ቀን አምስት ሰዓት ቢሠራ 65 ዋት-ሰዓት ይሰጣል፤ ሁለት ስማርት ስልክ ነው። ከባድ ደመና ባለበት ቀን ግን ከ2 እስከ 4 ዋት ላይ ይወርዳል። ቀኑን ሙሉ ውሎ አንዱን ስልክ እንኳ ላይሞላ ይችላል።

ስትገዙ ሽፋኑን ጠይቁ። ኢቲኤፍኢ (ETFE) የሚባለው ሽፋን ፀሐይና ዝናብ ይችላል። ፔት (PET) የሚባለው ርካሹ ሽፋን ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ ይደበዝዛል፣ ይላቀቃል። ኢቲኤፍኢው አብዛኛውን ጊዜ በጣት ሲዳሰስ ጥቃቅን ጉብጉብ አለው፤ ፔቱ ልስልስ ነው። የማጠፊያው ስፌትና ኬብሉ የሚወጣበት ቦታ ቶሎ ስለሚበላሹ እነሱንም ሳብ ሳብ አድርጋችሁ እዩ። ሴሎቹ ዝናብ ቢችሉ እንኳ የዩኤስቢ ሳጥኑ ብዙ ጊዜ አይችልም።

*የሶላር መብራት ከስልክ መሙያ ጋር።* ከ3 እስከ 6 ዋት ፓነል፣ አንድ ወይም ሦስት አምፖል፣ አንድ የዩኤስቢ ቀዳዳ። ባትሪው ከ10 እስከ 20 ዋት-ሰዓት ነው። ለስማርት ስልክ ያንሳል። ለትንሹ ስልክና ለመብራት ግን ከዚህ የሚሻል አላየሁም። ኩራዝ ለሚያበራ ቤት ጭሱን ያስቀራል፤ ልጆች ማታ ያጠኑበታል። ባትሪው ሊቲየም አይረን ፎስፌት (LiFePO4) ከሆነ ከሺህ ጊዜ በላይ እየተሞላ ይሠራል፤ ካርቶኑ ላይ ፈልጉት። ይህን ዓይነት ዕቃ ለመምረጥ አንድ ነፃ መንገድ አለ። ቬራሶል የተባለው ዓለም አቀፍ የጥራት ማረጋገጫ ፕሮግራም በቤተ ሙከራ ፈትሾ ያለፉትን ዕቃዎች ዝርዝር ድረ ገጹ ላይ ያወጣል። ሞዴሉን ከካርቶኑ ላይ አንብባችሁ እዚያው ሱቅ ቆማችሁ በስልካችሁ ማየት ትችላላችሁ።

*ባለ መስታወት ፓነል ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር።* ከ30 እስከ 50 ዋት፣ የአሉሚኒየም ክፈፍ ያለው። 50 ዋቱ 4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በቦርሳ አይያዝም፤ ከቤት ወደ ማሳ ጎጆ ግን ይዞ መሄድ ይቻላል። ለአንድ ዋት የምትከፍሉት ብር ከሁሉም እዚህ ያንሳል። ዕድሜውም ከታጣፊው ጋር አይወዳደርም፤ መስታወቱ ካልተሰበረ 20 ዓመት የሚሠራ ፓነል ነው። ሐምሌን የሚችለው ይሄኛው ነው። በከባድ ደመና ቀን ከአንድ አሥረኛ እስከ አንድ አምስተኛውን ብቻ ቢሰጥ እንኳ ከ5 እስከ 10 ዋት ነው። በስድስት ሰዓት ከ30 እስከ 60 ዋት-ሰዓት፤ የሚባክነው ተቀንሶ ከአንድ እስከ ሁለት ስልክ ነው።

ጥንቃቄ ይፈልጋል። የዚህ ፓነል ቮልት 18 ገደማ ስለሆነ ስልክ በቀጥታ አይቀጠልበትም፤ ይቃጠላል። መካከል ላይ ቻርጅ ኮንትሮለር፣ ማለትም ከፓነሉ ወደ ባትሪው የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠር ዕቃ፣ ይገባል። አብዛኛው ርካሽ ኮንትሮለር የዩኤስቢ ቀዳዳ አለው። ስትቀጥሉ መጀመሪያ ባትሪውን፣ ቀጥሎ ፓነሉን፤ ስትነቅሉ በተቃራኒው። ቀይና ጥቁሩን አታቀያይሩ። የሊድ አሲድ ባትሪ (የመኪና ባትሪ ዓይነቱን) ከገዛችሁ ከግማሽ በታች አታውርዱት። 12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት የሚለው 84 ዋት-ሰዓት ነው ቢባልም የምትጠቀሙት 42ቱን ብቻ ነው። ሊቲየም አይረን ፎስፌቱ መግዣው ይወደዳል፤ ግን የያዘውን ሁሉ ማለት ይቻላል ይሰጣችኋል፣ ብዙ ዓመትም ይቆያል። ሊቲየም ከገዛችሁ ኮንትሮለሩ ለሊቲየም የሚስተካከል መሆኑን አረጋግጡ።

*ፓወር ስቴሽን።* 250 ወይም 300 ዋት-ሰዓት የሚይዝ፣ እጀታ ያለው ሳጥን ከ60 እስከ 100 ዋት ታጣፊ ፓነል ጋር። ላፕቶፕ ይሞላል፣ የፀጉር መቁረጫ ማሽን ያንቀሳቅሳል። በጣም ውድ ነው። ለስልክ ብቻ ብሎ የሚገዛው ሰው ገንዘቡን ያባክናል። ለመስክ ተመራማሪ፣ ወይም ለሥራ ላፕቶፕ የግድ ለሚያስፈልገው ሰው ግን ሌላው አይተካውም።

በአንድ እይታ

የስልኩ ቁጥር ባለ 5,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ስማርት ስልክ ታስቦ፣ በቀን ነው።

| አማራጭ | በጋ | ከባድ ደመና | ለመያዝ | ዋጋ |
|---|---|---|---|---|
| ፓነል የተለጠፈበት ፓወር ባንክ | ሩብ ስልክ ገደማ | ምንም ማለት ይቻላል | በጣም ቀላል | ዝቅተኛ |
| ታጣፊ 20 ዋት ከፓወር ባንክ ጋር | 2 ስልክ | ግማሽ ስልክ ገደማ | ቀላል | መካከለኛ |
| የሶላር መብራት ከስልክ መሙያ ጋር | ግማሽ ስልክ፣ ወይም 2 ትንንሽ ስልክና መብራት | ለመብራት ጥቂት | ቀላል | ዝቅተኛ |
| 50 ዋት ባለ መስታወት ከሊቲየም ባትሪ ጋር | ከ2 እስከ 3 ስልክና መብራት (ባትሪው እስከያዘ) | ከ1 እስከ 2 ስልክ | ከባድ | ከመካከለኛ በላይ |
| ፓወር ስቴሽን ከ100 ዋት ፓነል ጋር | ላፕቶፕና በርካታ ስልክ | ከ2 እስከ 4 ስልክ | ከባድ | በጣም ከፍተኛ |

ለማን የትኛው?

ለቀማ ላይ ሁለት ወር ማሳ ለምትቆዩ፣ ታጣፊው 20 ዋት ከባለ 10,000 ወይም ባለ 20,000 ፓወር ባንክ ጋር ይበቃል። ወሩ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ዛፉ ነው። የእኛ ቡና በዋንዛና በሰሳ ጥላ ሥር ነው የሚያድገው። ለቡናው የተመቸው ጥላ ፓነሉን ይገድለዋል። የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ አንዱን ሴል ብቻ ቢሸፍን እንኳ ሴሎቹ በተርታ ስለተያያዙ የሌሎቹም ጉልበት አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ፓነሉን ማድረቂያ አልጋው ያለበት ገላጣ ቦታ አውሉት።

ገንዘብ ለሚያጥራችሁና ትንሹን ስልክ ለምትጠቀሙ፣ የሶላር መብራቱን ያዙ። ገበያ ሄዳችሁ ስልክ ለማስሞላት በየሳምንቱ የምትከፍሉትን ደምሩና ከዋጋው ጋር አስተያዩት።

ዓመቱን ሙሉ ኮረንቲ ለሌለበት፣ ሁለት ሦስት ስልክ ላለበት ቤት 50 ዋቱ ነው መልሱ። አንድ ጊዜ መግዛት ካልቻላችሁ ፓነሉን ትልቅ፣ ባትሪውን ትንሽ አድርጋችሁ ጀምሩ። ባትሪ በኋላ ይጨመራል። ብዙ ሰው ግን ገልብጦ ይሠራዋል፤ ትልቅ ባትሪ ከትንሽ ፓነል ጋር ይገዛና ክረምት ላይ ባትሪው አንድም ቀን ሳይሞላ ይሰነብታል።

ፓነሉን ወዴት እናዙረው?

ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ተኩል ዲግሪ አልፋ ስለምትገኝ ፀሐይዋ ዓመቱን በሙሉ በአንድ ጎን አትሄድም። ታኅሣሥ ላይ ቀትር ስትሆን ወደ ደቡብ 30 ዲግሪ ታዘነብላለች። ሰኔ ላይ ደግሞ አናታችንን አልፋ ወደ ሰሜን 15 ዲግሪ ገደማ ትሄዳለች። በእጅ የምታዞሩት ታጣፊ ፓነል ከሆነ በለቀማ ወቅት ወደ ደቡብ ቀና አድርጉት፤ በሰኔ ወደ ሰሜን ትንሽ ብቻ። ጣሪያ ላይ የሚሰቀለውን 10 ወይም 15 ዲግሪ ወደ ደቡብ አዘንብሉት፤ ዝናቡ አቧራውን እያጠበ ይወርዳል። በእኛ ሰዓት ፀሐይዋ ከፍ የምትለው ልክ 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ እንዳያመልጣችሁ። ክረምት ላይ የጠዋቱ ፀሐይ ከሰዓት በኋላ በዝናብ ስለሚወሰድ፣ ማልዳችሁ አውጡት።

ስትገዙም እንዲሁ ቀትር ላይ ሂዱ። ቀዳዳው ላይ ተሰክታ ቮልትና አምፔር የምታሳየውን ትንሿን የዩኤስቢ መለኪያ ይዛችሁ፣ ባዶ የሆነ ፓወር ባንክ ጨምራችሁ። ሻጩን «ውጭ አውጥተን እንየው» በሉት። ባለ 20 ዋት ፓነል በጠራ ቀትር ከአንዱ ቀዳዳ 2 አምፔር ገደማ ማሳየት አለበት። 0.6 ካሳየ መልሱለት። በእጃችሁ ለአፍታ ጋርዱትና እጃችሁን አንሱ፤ ራሱ መልሶ ካልጀመረ እሱንም ተዉት።

አክስቴ ጋ 50 ዋቱን ከሊቲየም ባትሪ ጋር ሰቀልንላት። ዘንድሮ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ደወለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል። ሃያ ደቂቃ አወራን።